የእህቴን ደም ላመጣ ሄጄ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ከዚያ ሰሞን ብዙውን ረስቻለሁ፤ ዓርብ ጠዋትን ግን አልረሳሁም። እናቴ የላከችኝ ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ እኔ አድርጌ የመጣሁት ሌላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር። ታላቅ እህቴ መሠረት፣ ዓለም ገና ከተማ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። የልብ ጡንቻ ሕመም ነበረባት። በየሦስት ወሩ ከሰበታ አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሆስፒታል አብሬያት እሄዳለሁ። ሆስፒታሉና አንድ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሠሩት ጥናት ውስጥ ገብታ ነበር። ሐኪሞቹ ያክሟታል። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ደሟን ወስደው ሕመሙ ከምን እንደሚመጣ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ደግሞ ለሕክምና እንዲውል ለሐኪሞቹ ይመልሳሉ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው።

ደሙን የሚወስደው ልጅ በረዶ ያለበት ሣጥን አንግቶ ነው የሚመጣው። መሠረት ባየችው ቁጥር "አይስክሬም መጣ!" ትላለች። ማክሰኞ ዕለት ቀጠሮዋ ነበርና ያኔም አለች።

"ቫኒላ አልቋል" አላት።

ጥናቱ ለማወዳደሪያ የወንድም ወይም የእህት ደምም ይፈልጋል። ወንድምም እህትም ብላ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተጠይቄ ሦስቴም "በሚቀጥለው" ብያለሁ። ማክሰኞ ዕለት የጥናቱ ነርስ ሲስተር አስቴር እንደገና ጠየቀችኝ።

"ተይው ሲስተር" አለች መሠረት እየሳቀች። "ቁመቱን አትዪ፤ መርፌ ይፈራል።"

መርፌ አልፈራም። የምፈራው፣ ያው ሕመም አንተም ላይ አለ እንዳይሉኝ ነበር። መሠረት ይህን ታውቃለች። ግን አንድም ቀን ሰው ፊት አላሳጣችኝም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ራሷን ሳተች። ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ሕይወቷ አልፎ ነበር። ሐሙስ ቀበርናት። ስለ ቀብሩ መጻፍ አልችልም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን አንዲት ጎረቤታችን፣ "ያን ሁሉ ደም እየቀዱባት እንዴት ትዳን?" አለች። እናቴ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ደሟ የት ነው ያለው?"

"ዩኒቨርሲቲው ጋ። ማቀዝቀዣ ውስጥ።"

"ታዲያ ልጄን ጎዶሎዋን ነው የቀበርኳት?"

የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ፣ "ተይ እንጂ ከበቡሽ፣ ለምርመራ የተወሰደ እኮ ነው" አሏት። አልሰማቻቸውም።

"ነገ በጠዋት ሂድና አምጣው" አለችኝ። "መቃብሯ ላይ ይፈሳል። እምቢ ካሉህ እኔው ራሴ እመጣለሁ በላቸው።"

ኦቦ ገመቹ ወደ ጎን ወሰዱኝ። "ዝም ብለህ ሂድ፤ ዛሬ ከእሷ ጋር ክርክር የለም" አሉኝ።

ዓርብ በጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ሲስተር አስቴር ብቻዬን ስታየኝ፣ "መሲስ? ቀጠሮ የላችሁም እኮ" አለች። ነገርኳት። ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች። ከዚያ እናቴ የላከችኝን ነገርኳት። አፍሬ ነበር። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሣጥን የሚይዘው ልጅ የተቀመጠው ደም ምን ያህል እንደሆነ አስረዳኝ። ጣት የማያህሉ ቀጫጭን ብልቃጦች ናቸው፤ ሁሉም ቢደመር አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ላያቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስሟ የለም።

ሲስተር አስቴር ፋይሏን አመጣች። መሠረት ጥናቱ ውስጥ ስትገባ የፈረመችው ወረቀት አለ። ሕይወቷ ቢያልፍ ደሙ ይጣል ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ አለበት። "ይቆይ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ፊርማው የእሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ እንደነበር እኔ አላውቅም።

"በእጅ አውጥተን መስጠት አንችልም" አለች ሲስተር። "ግን እናታችሁ አጥብቀው ካሉ እንዲወገድ ለኮሚቴው እናቀርባለን። ምን ብዬ ልጻፍ?"

የእናቴ ፊት ይመጣብኛል። ደግሞ ወረቀቱን አየዋለሁ።

"እሷ እንዳለችው ይቆይ" አልኩ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ጃኬቴን አወለቅሁ። "የእኔንም ውሰዱ።"

"ዛሬማ አይሆንም። ሐዘን ላይ ነህ። ሌላ ቀን ና።"

"ሌላ ቀን ካልሽኝ አልመጣም።"

አየችኝ። ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ በየመሐሉ ትቆምና "ገባህ?" ትለኛለች። ውጤቱ እንዲነገረኝ እፈልግ እንደሆነ የሚጠይቀው ጋ ስትደርስ አዎ አልኩ። ፈረምኩ።

"በል ፊትህን ወደዚያ አዙር፣ መርፌውን አትይ" አለችኝ።

"መርፌ አልፈራም ሲስተር። ውጤቱን ነው የምፈራው።"

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ክንዴን አሰረችው።

ምርመራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል ብለውኛል፤ ይህን ስጽፍም ውጤቱ ገና አልመጣም። ስልክ ሲጮኽ እደነግጣለሁ። በመስጠቴ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ፣ ማክሰኞ ዕለት ብሰጥ ኖሮ መሠረት አጠገቤ ትሆን እንደነበር ነው።

ያን ዓርብ ከአየር ጤና ሚኒባስ ይዤ ረፋድ ላይ ሰበታ ገባሁ። እናቴ ድንኳኑ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ እጄን ነው ያየችው።

"አላመጣኸውም?"

"አላመጣሁም እማዬ። ይቆይ ብላ ራሷ ፈርማለች። ፊርማዋን አይቻለሁ።" ክንዴን ዘረጋሁላት። "የእኔንም ሰጥቼ መጣሁ።"

ትጮኻለች ብዬ ነበር። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰብስባ ጥጡን አነሳችና አየችው።

"ምን ያህል ወሰዱ?"

በጣቴ አሳየኋት። እሷም የራሷን ጣት አውጥታ፣ አጠገቡ አድርጋ፣ ለካችው።