ጠፋች አትበሉኝ

በመተማ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ከእርሻ ካምፕ የሄደ ሰው ለቀቀ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው። አጫጅ ቢጠፋ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ይረሳል። ምግብ አብሳይ ከጠፋች ግን ካምፑ ሁሉ ጦሙን ያደረበትን ቀን ያስታውሳል። በዓመቱ ሸሕዲ ከተማ ላይ ቀጣሪ ሲመጣ አንዱ ይጠቁማታል፤ «ያች ጠፊዋ!»

ምግብ አብሳይዋ አየሁሽ ይህ ስም ኖሯት አያውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በየእርሻው ድስት ጥዳ ነው። ሽሮዋን ራሷ ታስፈጫለች፤ የውሃውን በርሜል ሳትከድን አትተኛም።

አምና ወደ ሽንፋ አቅጣጫ ካለ እርሻ ገባች። ባለቤቱ አቶ ባየልኝ ጎንደር ነው የሚኖሩት፤ ቦታውን የሚያዘው ወኪላቸው ለይኩን ነው። ለይኩን በቃል ጀመረ፤ ስለ ገላዋ፣ ብቻዋን ስለ ማደሯ። ቀጥሎ ዘይት ልትቀዳ ጓዳ ስትገባ ተከትሎ በሩን ዘጋና ወገቧን ያዘ። በብረት ጭልፋ እጁን መትታ ወጣች።

«ካልተስማማሽ መንገዱ ያውልሽ» አላት ከኋላዋ። «ጠፋች ነው የምል። ዝናሽንም እንዲያ ነው ያልሁ።»

ዝናሽ ከእሷ በፊት እዚያ ታበስል የነበረች ናት። በሌሊት ሄደች ሲባል አየሁሽም እንደ ሰዉ «ጠፊ» ብላታለች። አሁን ገባት።

በማግስቱ ምሳ አበሰለች። አጫጆቹ ራኩባው ሥር፣ በሣር በተከደነው ዳስ ተሰበሰቡ። ለሁሉም ከቀዳች በኋላ ጭልፋዋን እንደያዘች መሀል ቆመች።

«ስሙኝማ።»

«ጨው ረሳሁ ልትይ ነው? ቀምሰነዋል እኮ!» አለ አንዱዓለም፣ ከጎጃም የመጣ አጫጅ። ሳቁ።

«ጨውስ አለው። እኔ ግን ዛሬ ለቀቅሁ። ለይኩን ትናንት ጓዳ ዘግቶ ያዘኝ። እምቢ ስለው ጠፋች እላለሁ አለኝ። የእራታችሁ ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ማሞቅ ብቻ ነው።»

የጓዳውን ቁልፍ ለትራክተር ነጂው ለጋሽ ማሩ ዘረጋች። «ይቀበሉኝ፣ ጋሸ። እስከ መንገዱም ያድርሱኝ።»

ማሩ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

«ውሸቷን ነው! ጠፋች ብዬ ነው የምደውል!» ለይኩን ከራኩባው ጥግ ጮኸ።

«በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ አቅርባ?» አለ አንዱዓለም። «ኧረ ወኪሌ፣ እንዲህ ያለ መጥፋት እኛ አገር የለ!»

ሸሕዲ ስትደርስ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ባለሙያዋ ማስተዋል እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ወሲባዊ ትንኮሳ በሕግ ክልክል ነው። የተነኮሰሽ አሠሪው ወይም እንደ ወኪሉ ያለ የሥራ መሪ ከሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ፤ ካሳም ይገባሻል። እንዳንቺው ሠራተኛ ቢሆን ግን መጀመሪያ ለአሠሪው ማመልከት ነበረብሽ፤ እሱ ዝም ሲል ነው የምትለቂው። ቶሎ መምጣትሽ ደግ ነው። ጊዜው አጭር ነው፤ ከቆየ መብቱ ይታገዳል።»

«ከእኔ በፊት የነበረችውስ?»

ማስተዋል ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ መንገድ ጊዜው አልፏታል።»

አቶ ባየልኝ ተጠርተው መጡ። «ወኪሌ ጠፋች ነው ያለኝ» አሉ።

ምስክር ሆነው የመጡት ማሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በእጇ ነው ያስረከበችኝ። ሰው ሁሉ እያየ።»

ባየልኝ ቁልፉን አነሡ። «እንግዲያ ለቃለች» አሉ። ካሳው ተከፈለ። ለይኩን ግን ሰሊጡ ተራግፎ እስኪያልቅ እዚያው ካምፕ ቆየ።

ዘንድሮ አየሁሽ ሸሕዲ ቅጥር ቦታ ስትቆም ብቻዋን አልነበረችም። ዝናሽን ቤቷ ድረስ ሄዳ አምጥታታለች። አብደራፊ እርሻ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ሁለት አብሳይ ፈልገው መጡና ዝናሽን አተኩረው አዩዋት።

«ይች ያች የጠፋችው አይደለችም?»

ዝናሽ አቀረቀረች።

«ለቃ ነው፣ አባባ» አለች አየሁሽ። «እኔም ከዚያው ነው የለቀቅሁ። ምክንያቱን ልንገርዎ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የዝናሽን ጓዝ አነሡና መኪናው ላይ ጫኑት።