ይህን እንግዳ ማን ጠራው?

ወልቂጤ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪ ፊት አልፈራም፤ የአገሬ የቸሃ ጉራጌ ሽማግሌዎች ፊት ግን ቃሌን እመዝናለሁ። ተማሪ የሰማውን ይረሳል፣ ሽማግሌ በሰማው ይፈርዳል።

ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ ነበር። በልጉ ጠፍቶ ክረምቱም አጥሮ ስለነበር ሰው ሁሉ ተጨንቋል። አባቴ ሳያማክረኝ «ዝናቡ ለምን እንደሸሸን ልጄ ታስረዳችኋለች» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ከቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጀፎረው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሴቶቹ ዳር ላይ ነበሩ።

ከሚነድ ነገር ሁሉ፣ ከመኪናውም ከፋብሪካውም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጭሱ ከዓይን ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም አልኳቸው።

«ነፋስ ይወስደዋላ» አሉ አንዱ።

ወዴት ነው የሚወስደው? ንዴቴ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት።

«አባቶቼ፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው እንግዳ ብዙ፣ የሚመለሰው ጥቂት ቢሆን ቤታችሁ ምን ይሆናል?»

«ይታፈናላ!» ተሳሳቁ።

«ሰማዩም እንደዚያው ነው። ዛፉና ባሕሩ ግማሽ ያህሉን ይቀበላሉ፤ የቀረው በልጅ ልጆቻችን ዘመንም እዚያው ነው። በተከማቸ ቁጥር እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይይዛል፣ ዝናቡንም ያዛባል።»

ገባቸው። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አልቆየም። ትልቁ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው «ታዲያ ይህን እንግዳ ማን ጠራው?» አሉ።

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ነገር ያለ ባለቤት አይቀርም፤ በዳይ ይፈለጋል፣ ይክሳል፣ ይታረቃል። ዓይኖች ሁሉ ወደ ዳር ዞሩ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን እዚያ ተቀምጣለች፤ ልጆቿን የምታሳድገው የባሕር ዛፍ ከሰል እያከሰለች ነው።

«አብዛኛው የመጣው ከሩቅ አገር ነው፤ የእሷ ከቁጥር አይገባም!» ብዬ ተንተባተብኩ።

«እውነት ይሆናል፤ ግን ባልቀረበ ሰው ላይ አንፈርድም» አሉ። «የቀረበችው እሷ ናት። ከሰሉን ትተወው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲመካከሩ ሴትዮዋ ወደ እኔ ተጠግታ ክንዴን ያዘችኝ። እጇ ሻካራና ትኩስ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ተምረሻል። እኔ ብተወው እላይ ያለው ይወርዳል?»

መዋሸት አቃተኝ።

«አይወርድም።»

«እንዲያ ከሆነ ይህን ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ። ልጆቼን በምን አበላለሁ?»

ዞር ስል ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ቆመዋል። አፌን ከፈትኩ፤ አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። ከተመረቀ በኋላ ፍርድ እንደማይነሳ ሁላችንም እናውቃለን።

«ዝናቡን ይመልስልን» አሉ ትልቁ።

«አሜን» አለ ሰዉ ሁሉ። ክንዴን እንደያዘች እሷም «አሜን» አለች።