ያልተዳረው አጋም

ለሰፈራችን ሰፊ ሕዝብ፣ ለአጎራባች ሰፈሮች፣ እንዲሁም በበትዋ ወንዝ ግራና ቀኝ ለምትገኙ ፍየሎች በሙሉ! ጋሲቴ የተባለው የሠርግ ባንድ ጥሩምባ ነፊ፣ የወርቅማ ቁልፍ ቀይ ኮት ባለቤት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሦስት አጋም ቁጥቋጦዎች አባት፣ ጠባቂና የበላይ አዛዥ መሆኑ ታውቋል። የሚጠራጠር ቢኖር ግቢው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። ባይሄድም ጋሲቴ ራሱ መንገድ ላይ ይዞ ያረጋግጥለታል።

አዋጁን ያወጣው እሱ ነው፤ እኔ ቋንቋውን ብቻ አቃናሁለት። የእሱንና የእኔን ግቢ የሚለየው አንድ የጭቃ ግንብ ነው፤ ግንቡ ደግሞ ጥሩምባም ወሬም አያግድም። ስለዚህ ይህን አዋጅ ለዓመታት ጠዋትና ማታ ስሰማው ኖሬአለሁ።

ነገሩ የጀመረው ኮረብታችን ሲበላ ነው። ከከተማው ጀርባ በነበረው ኮረብታ ላይ፣ እኛ ካሮንዳ የምንለው አጋም በየክረምቱ ሳይለመን ያፈራ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ፈጪ ማሽን መጣና ኮረብታውን ከነአጋሙ ጠጠር አድርጎ በጭነት መኪና ሸኘው። የከተማው ሕዝብ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከዚያ ቲማቲም በልቶ ረሳው። ጋሲቴ ግን አልረሳም። ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ንፋስ ያልወሰደበት አቋም አንድ ብቻ ነው፦ በሰናፍጭ ዘይት ከቃሪያ ጋር የተጠበሰ አጋም ቂጣው ላይ ካላረፈ ክረምቱ ክረምት አይደለም።

እናም ማሽኑ ሳይጨርሰው በፊት የመጨረሻውን አንድ ቅርጫት የበሰለ አጋም ለቅሞ ለሚስቱ ለፑንያ አመጣላት። ፑንያ በስኳር ልትቀቅለው ፍሬውን ለሁለት እየሰነጠቀች ዘሩን ታወጣለች። ጋሲቴ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የዘሩን ግማሽ ሰበሰበ፣ በአመድ አሸና በጨርቅ ቋጠረ።

“ምን ሊያደርጉት ነው፣ የሱርጂ አባት?” አለችው። ሱርጂ ልጃቸው ናት። በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፣ አንቱ ትላለች። አንቱታ ምላስን እንደማያደነዝዝ ደግሞ ፑንያን የሰማ ያውቃል።

“ልዘራው ነዋ!”

“ታዲያ ዝናቡ እየወረደ ለምን ይቋጥሩታል? አሁን አይዘሩትም?”

“አሁን? አማልክቱ ተኝተው?” ጋሲቴ ደነገጠ። “እኔ የሠርግ ሰው ነኝ፤ ቀን አውቃለሁ!”

አማልክቱ አራቱን የክረምት ወራት ይተኛሉ። እነሱ ተኝተው ሠርግ አይደገስም፣ ቤት አይመረቅም፣ መልካም ነገር አይጀመርም። ጥሩምባ ነፊም ከአማልክቱ እኩል ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ልዩነቱ እነሱ ዝም ማለታቸው ነው።

የአጋም ዘር ግን ይህን የዕረፍት መርሐ ግብር አላነበበም። ከፍሬው እንደወጣ አፈር ካላገኘ ሕይወቱ ያልፋል። ጋሲቴ አማልክቱ ነቅተው ፊታቸውን እስኪታጠቡ ጠበቀ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታ፤ አፈር በወንፊት ነፋ፤ በተሸረፉ ማሰሮዎች ሞላ፤ ከወንዙ የተቀዳ ቅዱስ ውሃ እየረጨ ዘሩን በክብር ቀበረው። ከቀብር በኋላ የሚሆነው ሁሉ ሆነ፤ ማለትም ምንም። ጠዋት ጠዋት ማሰሮዎቹ ላይ አጎንብሶ ሲለምናቸው ከርሞ በመጨረሻ ተናደደ። አፈሩን እጣቢ በሚወርድበት በግንቡ ሥር ገለበጠው።

በዚያው ሳምንት እዚያው ቦታ ሣር ሲያጭድ ጮኸ፤ እኔ እባብ የነከሰው መስሎኝ ግንቡ ላይ ወጣሁ። “ወጡ! ዘሮቼ ወጡ! ዘግይተው ነው እንጂ ወጡ!” ሦስት የአጋም ችግኞች፣ ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ሲቆነጠሩ ነጭ ወተት የሚያፈስሱ፣ ከሣሩ መሃል ቆመዋል። ፑንያ እጇን እያደረቀች መጣች። ግንዳቸውን በጣቷ ነካ አደረገች። አፏን ከፈተች። የባሏን ፊት አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

እውነት ለመናገር፣ አንዳንዴ እሱም ያስፈልጋል፣ ጋሲቴ ደከመላቸው። በቀጣዩ ክረምት ከነአፈራቸው ነቅሎ በግንቡ ጥግ አራርቆ አቆማቸው። ፍየል እንዳይደርስባቸው እሾህ አጠረላቸው፤ አጋም ራሱ እሾህ ከማብቀሉ በፊት የሰው እሾህ ያስፈልገዋል። ወደ ጎን እንዲንዠረገጉ ጫፋቸውን ቀጠፈ። ሠርግ በሌለበት ወራት ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ጥሩምባውን ይለማመድ ነበር። መሸሽ ስለማይችሉ አደጉ።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ፤ ወጥመዱን የሠራው ራሱ ነው። አባቶቻችን ያቆዩት ልማድ አለ፦ ፍሬ የተከለ ሰው ተክሉን ሳይድር ከፍሬው አይቀምስም፤ ሚስቱም አትቀምስም። ማንጎ ለጃስሚን ሐረግ ይዳራል፤ ካህኑ ይመጣል፣ ይደገሳል፣ ባንድ ይነፋል። ልማዱ ሊረሳ ሲል ያስታወሰን ማን ይመስላችኋል? ጥሩምባ ነፊው! ጎረቤታችን ጂያላል ያልተዳረ ማንጎውን በልቶ ከንፈሩ ላይ እባጭ በወጣበት ጊዜ ጋሲቴ በየሻይ ቤቱ እየዞረ ሰበከበት፦ “ፍሬ ፍሬ ነው! የተከልከውን ሳትድር ከበላህ ሌባ ነህ!” ምስኪኑ ጂያላል ማንጎውን ዳረ። ያን ቀን ማን እንደነፋ መናገር አያስፈልግም።

ዘንድሮ አጋሞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ። መቼ? ክረምት መሃል፣ አማልክቱ ሲያንኮራፉ።

በዚያው ሰሞን ሱርጂ እንደ ተዳረች ልጅ ሁሉ ክረምቱን ልታሳልፍ እናትና አባቷ ቤት መጣች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፣ ኮምጣጣ አምሯታል። የተዳረች ልጅ የሌላ ቤት ሰው ስለሆነች ልማዱ አይነካትም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ቀላ ያለውን ፍሬ በጨው እየነካካች፣ አንድ ዓይኗን እየጨፈነች ትበላለች። አባቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ምራቁን ይውጣል።

“ጋሲቴ ባያ!” አለው ጂያላል፤ ዜናውን ሰምቶ ግንቡ ላይ ከጎኔ ተሰቅሏል። ባያ ማለት ወንድም ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ወንድምነት አልነበረበትም። “እንዴት ነው፣ ይኮመጥጣል?”

“አርፈህ ተቀመጥ!”

“ምነው ባያ፣ ፍሬ ፍሬ ነው ብለኸኝ አልነበር?”

ጋሲቴ ጃንጥላውን ይዞ ወጣና ፓንዲት ባድሪን፣ የሰፈሩን ካህን፣ እየጎተተ ተመለሰ።

“ፓንዲትጂ፣ ዛሬውኑ ይዳሩልኝ። ጃስሚኑም አለ፣ ጥሩምባውም አለ።”

“በክረምት ሠርግ?” ሽማግሌው ጃንጥላውን አጠፉ። “ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አይገርመኝም። አንተ ትጠይቀኛለህ? አማልክቱ ሲነቁ እንድራቸዋለን፤ በመጪው ዓመት ትበላለህ።”

“እስከዚያ እኔ ብሞትስ?”

“ትዳራቸው አይፈርስም፤ አትጨነቅ።”

በዚህ መሃል ከማድ ቤት ሽታው መጣ። ፑንያ ለልጇ አጋምና ቃሪያ እየጠበሰች ነው፤ የሰናፍጩ ዘይት ዓይንም ሆድም ያቃጥላል። ጋሲቴ አፍንጫውን ወደዚያ አቀና፤ መላ ሰውነቱ ተከተለ፤ እግሩ ብቻ ቀረ። ፑንያ መጥበሻውን በጨርቅ ይዛ ብቅ አለች። እሷም የተካዩ ሚስት ናትና አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም፤ ይህን ከእሷ በቀር ያስታወሰ አልነበረም።

“ፓንዲትጂ፣ ራሱ የበቀለ ነገርስ መዳር አለበት?”

“ራሱ የበቀለማ የዝናብ ነው፣ ልጄ። የዝናብ ልጅ ሠርግ አይጠይቅም።”

ፑንያ ወደ ባሏ ዞረች። “የሱርጂ አባት፣ እነዚህን ማን ተከላቸው?”

“እኔ ነኛ! አገር የሚያውቀውን ምን ትጠይቂኛለሽ?”

“የእርስዎማ ማሰሮ ውስጥ ሞቷል። ዘሩን ሲሰበስቡ የተረፈውን ግማሽ እኔ ያን ቀን ከእጣቢ ጋር ግንቡ ሥር ደፍቼዋለሁ። ችግኞቹን ሲያገኙ ግንዳቸው እንጨት ሆኖ ነበር። በዚያው ሳምንት የተደፋ ዘር በየት በኩል ነው እንጨት የሚያወጣው?”

ጋሲቴ አጋሞቹን አያቸው፤ ሚስቱን አያት። ቀይ ኮቱን ገፍፈው የወሰዱበት ይመስል ነበር። “እስከዛሬ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ደስ ብሎዎት ነበራ!” አለች ፑንያ፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። “አሁን ግን እኔም አምሮኛል።”

በአንድ በኩል የአባትነት ማዕረግ፣ ጠባቂነትና የበላይ አዛዥነት አለ፤ በሌላ በኩል መጥበሻው። ዘይቱ ገና ይንጫጫል። ከዚህ የከበደ ምርጫ የገጠመው ሰው በሰፈራችን አላውቅም። ጋሲቴ ተነሣ፤ እንደ ሠርግ ቀን ደረቱን ነፋ፤ ግለ ሂሱንም አወረደ።

“እኔ አልተከልኳቸውም” አለ።

“አልተሰማም!” ጂያላል ነው። “ጥሩምባ ነፊ አይደለህ እንዴ ባያ?”

“አልተከልኳቸውም! ከእጣቢ ነው የበቀሉት!” ይህኛው ወንዙ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ተቀመጠና በላ። ፊቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማደደ፤ ዓይኑ አነባ፤ መኮምጠጡ ነው አለ፣ አመንነው። ሚስት ባሏ ሳይጨርስ አትበላም የሚል ልማድም እኛ ዘንድ አለ። ፑንያ ከዚያው መጥበሻ፣ በዚያው ሰዓት፣ በእጇ ስትዝቅ ስለዚያ ልማድ ፓንዲቱን የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውም አፋቸው ሙሉ ነበር። ለጂያላል በግንቡ ላይ አንድ ቂጣ ተላለፈለት። ለእኔም ደርሶኛል፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልሳደብም።

ታሪኩ እዚህ አለቀ የምትሉ ጋሲቴን አታውቁትም። ሰውዬው ተጨማሪ አጋም አማረው፤ መትከል ግን አይፈልግም፤ የተከለ ይድራላ! ስለዚህ በማግሥቱ ዝናቡ ሲያባራ ትኩስ ዘር በእጣቢ ሳህን ውስጥ ጨምሮ ወጣ። ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ እያፏጨ፣ በስህተት የሚደፋ መስሎ፣ በግንቡ ሥር ጠብ ጠብ አደረገው። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይደፋል፤ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይደፋል። ፑንያ ከበሩ ላይ ሆና፣ “የሱርጂ አባት፣ እዚያ ጋ ዘለሉ!” ትለዋለች። ተመልሶ ይደፋል።

አሁን በቅለዋል፤ በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ማን ተከላቸው ሲባል ጋሲቴ ዓይኑን ሳያርገበግብ “ዝናቡ” ይላል። አንባቢ ሆይ፣ አንድ ክረምት በእኛ ሰፈር ብታልፍ ግቢው ያስገባሃል፣ አጋምም ያቀርብልሃል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ዝናቡን እንዲህ ቀጥ ባለ መስመር መዝነብ ማን አስተማረው ብለህ እንዳትጠይቀው። መጠየቅህ ካልቀረ ግን፣ እባክህ፣ መጀመሪያ ፑንያ ሁለተኛውን መጥበሻ እስክታወጣ ታገስና...