የአባቴ የጠመንጃ መጽሔቶች

አባቴ ከአገር ቤት ፈረንጅ አገር፣ ዴልፍስሃቨን በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቴ ሲመጡ ከሻንጣቸው ግማሹ መጽሔት ነበር። ልብስ መስሎኝ እጄን ብሰድ ጠመንጃ የታቀፉ ባለ ሪዝ ፈረንጆች ከየሽፋኑ ላይ አፈጠጡብኝ።

አባቴ በወጣትነታቸው ባሌ ውስጥ የዱር አራዊት ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ለአደን የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎችን ተራራ ለተራራ ይመራሉ፤ እንግዶቹም ሲሄዱ ያነበቡትን የጠመንጃ መጽሔት ድንኳን ውስጥ ይተዉላቸዋል። እንግሊዝኛን ያዳበሩት በዚያ ነው። ለጠመንጃዎቹ ግን ደንታም አልነበራቸው። የሚወዱት መጨረሻው ገጽ ላይ የሚጽፉትን ሽማግሌዎች ነበር፤ መሳታቸውን እንጂ መምታታቸውን የማያወሩትን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ተቀምጠው ለእኔና ለሰባት ዓመቷ ልጄ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነቡልን ነበር። አንዱ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ከርከሮ ሲያሳድድ ውሎ በስተመጨረሻ የመታው ዛፍ ላይ የሰቀለውን የገዛ ባርኔጣውን ነው። «ባርኔጣው ሳይሰቃይ ሞተ» ብሎ ጽፏል። አባቴ እዚህች ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሌላው ለሻጩ የላከውን ደብዳቤ አትሞታል፤ ጠመንጃው እንከን የለውም፣ አሁን ደግሞ በሱ መተኮስ የሚችል ሰው ይላኩልኝ ይላል። ልጄ በሳቅ ከወንበሯ ትንሸራተታለች። «አያቴ፣ ድገመው» ትላቸዋለች። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም።

አንድ ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አያቷ ልትናገር ከመጽሔቶቹ አንዱን ይዛ ሄደች። ጎረቤት ከተማ ዴን ሃግ አንድ ቢሮ ሳጸዳ አስተማሪዋ ደወለችልኝ። በትሕትና፣ ቤታችሁ መሣሪያ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት፤ እውነትም የለም። አመስግና ዘጋች። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን በሜትሮ ባቡር ስመለስ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ አባቴ የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ሆስፒታል ገቡ። አድርሻቸው ተመለስኩና መጽሔቶቹን በሁለት ከረጢት ይዤ ወረድኩ። መንገዱ ዳር ያለው የሚጣል ወረቀት ማጠራቀሚያ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የከተትኳቸው።

በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣላቸው መጀመሪያ የጠየቁት እነሱን ነው፤ በዳነው ዓይናቸው ሊያነቡ። ቤርጊንግ፣ ብስክሌት የምናስቀምጥበት ምድር ቤት፣ አስቀምጫቸው ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ በላቸው አልኩ። «አይዞሽ፣ ወረቀት ነው» አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትዝታቸው ይነግሩን ጀመር። እየዋለ ሲያድር ግን አንዱን ታሪክ ከሌላው ያደባልቁታል፤ ማሳቂያው ላይ ሲደርሱ ይጠፋባቸውና፣ ምን ነበር ያለው፣ እያሉ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ፊቴን አዙሬ ሳህን አጥባለሁ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ፣ ለቄስ ከመናዘዜ በፊት ለመጽሔቶቹ ባለቤት መናገር አለብኝ ብዬ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ መጽሔቶቹን ውሃ አልበላቸውም። እኔ ነኝ የጣልኳቸው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ያኔውኑ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጡ ይደርቁ ይሆናል ብዬ ወርጄ ነበር። ወለሉ ደረቅ ነው።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው። ከትምህርት ቤት የተደወለውን ልጄ ነግራቸው ኖሯል።

«ፈርተሽ እንደሆነ ገባኝ» አሉ። «ደግሞስ በቤትሽ ላሳፍርሽ?»

ይህን ብለው ሻይ ጠየቁኝ። ቂም የለባቸውም። እኔ ግን «በቤትሽ» ያሏት ቃል ከልቤ አልወጣ አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ አብረውኝ ሲኖሩ ለካ እንግዳ አድርጌያቸዋለሁ።