ከፓርኩ አጥር ማዶ ያደርንበት ቤት

ልጄ የአንደኛ ክፍልን የመጀመሪያ መንፈቅ ስትጨርስ፣ ደብረ ብርሃን አዲስ ወደተከፈተው የመዝናኛ ፓርክ እንደምወስዳት ቃል ገብቼላት ነበር። ፓርኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ የተሠራ ሲሆን፣ አጥሩ ውስጥ የራሱ ሪዞርት ሆቴል አለው። የሆቴሉን ፎቶዎች በስልኬ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውኃ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት የሚታይ ትልቅ ተሽከርካሪ ጎማ። ሆቴል እወዳለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት እየተላክሁ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ እየተኛሁ፣ ባለቤቶቹ ሳይነሡ ፍራሼን እየጠቀለልሁ ነው ያደግሁት። በር ቆልፎ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ማደር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ባለቤቴ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ አብራን የምትሄደው እናቴ ሆነች። እናቴ የአንኮበር ሰው ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ስለ ሆቴሉ ስነግራት፣

«የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

«ሆቴል ነው እማዬ። የማንም ቤት አይደለም።»

«የማንም ባልሆነ ቤት እንዴት ይታደራል? ጠዋት ስነሣ እንዴት አደራችሁ የምለው ማንን ነው?»

«እኛን ነዋ።»

«እናንተንማ እዚህም እላችኋለሁ።»

እናቴ አትከራከርም። «ግድ የለም፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ትልና መቁጠሪያዋን ይዛ መስኮት ሥር ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የደብረ ብርሃን ልጅ የሆነች የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ነገሩን ሳጫውታት፣ ከፓርኩ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ፣ ሁለት ክፍል ለእንግዳ የሚያከራዩ አንዲት ሴት እንዳሉ ነገረችኝና ስልካቸውን ሰጠችኝ። ደወልሁ።

«ስንት ናችሁ?» አሉኝ።

«ሦስት ነን። እናቴ፣ ልጄና እኔ።»

«ብርድ ትፈራላችሁ?»

«እንፈራለን።»

«እንግዲያው ባና አወጣለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

የሆቴሉን ሙቅ ውኃ እያሰብሁ፣ ቅር እያለኝ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል ከእናቴና ከልጄ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሸኖን ስናልፍ ልጄ ጃኬቷን ጠየቀች። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ፀሐይ ቦግ ብላለች፤ ነፋሱ ግን ጆሮ ይቆርጣል።

ሴትዮዋን ያገኘናቸው ግቢያቸው ውስጥ፣ የታጠበ የበግ ጠጉር አጥር ላይ ሲያሰጡ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ሴት ናቸው። ሥራቸው የበግ ጠጉር ፈትለው ስጋጃ መሥራት ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አንዱ ደሴ፣ አንዷ አዳማ ይኖራሉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው እናቴን ከሁላችን በፊት ሳሟት።

«የየት አገር ሰው ነዎት?» አሏት።

«አንኮበር።»

«ከአንኮበር ከየትኛው ወገን?»

እናቴ ቦታውን ስትነግራቸው እንደ ልጅ እጃቸውን አጨበጨቡ። የባላቸው እናት የዚያው ሰፈር ሰው ኖረዋል። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቆመው፣ የማን ቤት ከማን ቤት በላይ እንደነበር፣ የትኛው ቁልቁለት በክረምት እንደማይታለፍ ማውራት ጀመሩ። እኔ ሻንጣውን ብቻዬን አስገባሁ።

ክፍሎቹ ንጹሕ ነበሩ። መጸዳጃው ግን ከግቢው ጥግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ስለሚያድር መንገዱ ያንሸራትታል። ውኃ የሚሞቀው በማንቆርቆሪያ ነው። አውራ ዶሮ አለ፤ የሚጮኸውም ልክ የእኔ መስኮት ሥር ነው። እነዚህን ነገሮች አልደብቅም። አልጋው ላይ ግን ባና፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ተነጥፎ ነበር፤ ከብዶ የሚጫን፣ ትንሽ የበግ ጠረን ያለው። ልጄ ከገባችበት በኋላ ለእራት ማስነሣት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ የገብስ ቂንጬ አቀረቡልንና ልጄን ወደ ሥራ ክፍላቸው ወሰዷት። ያለቁ ስጋጃዎች ተጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈዋል። አንዱን ዘረጉላት።

«ይኼ ሰውዬ ማነው?» አለች ልጄ።

«ሰውዬ አይደለም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው።»

«ጭላዳ ፂም አለው እንዴ?»

«የእኔ አለው።»

ልጄ ጭላዳውን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ትልቁ ጎማ ላይ ስትወጣ ከላይ ሆና እጇን እንደምታወዛውዝላቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም ቆመው እንደሚያዩዋት ቃል ገቡላት። የዚያን ዕለት ልጄ ቀይ ጃኬት ለብሳ ነበር።

ፓርኩ ደስ የሚል ነው። ልጄ በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ተቀመጠች፤ በመንሸራተቻው ቀሚሷ እስኪቆሽሽ ወረደች። እናቴ ፀሐይ የሚመታው አግዳሚ ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ወደ ትልቁ ጎማ ስንሄድ ከእኛ ጋር እንድትወጣ ለመንናት።

«ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ ነው የመጣሁት፤ ደግሞ ልውጣ?» አለችን።

እኔና ልጄ ወጣን። መቀመጫው ክፍት ነው፤ ከፊት ለፊት የምንይዘው ብረት ብቻ አለ። ቀስ እያለ ከፍ ሲል ልጄ ትስቅ ነበር። ከጫፍ ስንደርስ ጎማው ቆመ። መጀመሪያ ሰው ሊያሳፍሩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ከታች ይሰማ የነበረው ሙዚቃ መቋረጡን ልብ አልሁ። መብራት ሄዷል። አንድ ሠራተኛ አፉን በሁለት እጁ ከልሎ፣ አይዟችሁ፣ ጄኔሬተር እየተነሣ ነው ሲል ሰማሁ። ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ አስነጠሰ፣ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ዝም አለ።

ያን ጊዜ ነፋሱ መጣ። መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። ልጄ ብረቱን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ወደ ታች ተክላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። አቅፌያት ነበር፤ ማቀፌ ግን የጠቀማት አልመሰለኝም።

«አሁን እንወርዳለን» አልኋት።

«ቅድምም አሁን ብለሻል» አለችኝ።

እናቴን ከታች አየኋት፤ ከአግዳሚ ወንበሩ ተነሥታ፣ ነጠላዋን ይዛ፣ አንገቷን ወደ እኛ አቅንታ ቆማለች። የፓርኩ ሠራተኞች ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ። ዓይኔን ከእነሱ ሳነሣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ያደርንበትን ግቢ አየሁት። ሴትዮዋ ግቢው መሐል ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ወደ እኛ ያያሉ።

«እማማ እያዩሽ ነው» አልኋት ለልጄ። ቀና አለች፤ ግን እጇን ከብረቱ አላነሣችም።

ሴትዮዋ የልጄ እጅ እንዳልተወዛወዘላቸው ያወቁ ይመስለኛል። ዞር ብለው ወደ ቤት ገቡ። ትተውን የገቡ መስሎኝ ቅር አለኝ። ወዲያው የተጠቀለለ ስጋጃ ትከሻቸው ላይ ይዘው ብቅ አሉ፤ ግቢው መሐል ወርወር አድርገው ዘረጉት። ተመልሰው ገቡ። ሌላ ይዘው ወጡ፤ ከመጀመሪያው አጠገብ ዘረጉት። ከዚያ ሌላ።

«ጭላዳው!» አለች ልጄ።

«የቱ ጋ?»

«ያውና፣ ፂሙ ይታያል።»

ፂሙ ከዚያ ርቀት የሚታይ አልነበረም፤ እኔ ግን እንደሚታየኝ ነገርኋት። ቀጥሎ አንበሳ መጣ። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት፣ ምን እንደሆነ እስካሁን ያልገባኝ ነገር መጣ፤ ልጄ ደመና ነው አለች። ሴትዮዋ እየሮጡ ይገባሉ፣ እየሮጡ ይወጣሉ። አንዱን በጣም ትልቅ ስጋጃ ብቻቸውን መሸከም አቅቷቸው እየጎተቱ አወጡት፤ ሲዘረጋ መሐሉ ላይ ቀይ መስቀል አለው። ስጋጃው ሲያልቅባቸው ከእኛ መኝታ ክፍል ገብተው ባናውን ይዘው ወጡ።

«የእኛ ባና!» ብላ ልጄ ሳቀች።

አንድ እጇን ከብረቱ አንሥታ ጠቆመች። ጠቁማ አልመለሰችውም፤ ከፍ አድርጋ አወዛወዘችው። ሴትዮዋም ከስጋጃዎቹ መሐል ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አወዛወዙላት። ከእኛ በታች ባለው መቀመጫ የነበሩ ባልና ሚስትም ዞረው ያዩ ነበር፤ ሰውየው «ሴትዮዋ ገበያ አወጡ እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ቀጥለው ሴትዮዋ አንበሳውን ጎትተው ጭላዳው አጠገብ አመጡት፤ ከዚያ ለያዩአቸው። ልጄ ተጣሉ አለች፤ ከዚያ ታረቁ አለች። ታሪኩን ሳትጨርስ መብራቱ መጥቶ ጎማው መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ማየት አልቻልሁም ብላ የተቆጣችው እኔን ነው።

የፓርኩ ሰዎች ከታች ይቅርታ ጠይቀው ጭማቂ ሰጡን፤ የሚችሉትን አድርገዋል፣ አልወቅሳቸውም። ብቻ ጭማቂዬን ይዤ የሆቴሉን መስኮቶች ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁሉም ወደ ጎማው ያያሉ፤ መጋረጃዎቹ ግን ዝግ ነበሩ።

መንገዱን ተሻግረን ስንደርስ ሴትዮዋ ተንበርክከው ትልቁን ስጋጃ በብሩሽ ያጸዱ ነበር። ከአንኮበር በታች ላለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የታዘዘ፣ ገና ያላስረከቡት ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የነገሩን። ወራት የፈጀ አዲስ ስጋጃ ነው፤ የዶሮ ኩስና የረጠበ ሣር ባለበት ግቢ ላይ የዘረጉት።

«እንዴት አሰቡት እትዬ?» አልኋቸው።

«ምን ይታሰባል?» አሉኝ ብሩሹን ሳያቋርጡ። «ልጅቷ እጇን ሳታነሣ ስትቀር ፈርታለች ማለት ነው። እላይ ምን አለ? ባዶ ሰማይ ነው። የምታየው ነገር ያስፈልጋታል ብዬ ነው።»

«ይኼን እንኳ ባያወጡት ምን ነበረበት?»

«ትልቅ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ከጎናቸው ተንበርክካ ሌላ ብሩሽ አነሣች። እኔም ጫፉን ያዝሁ። ልጄ የሣሩን ቅንጣት በጣቶቿ ለቀመች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስንሠራ ሁለቱ ሴቶች ሳያስቡት አንቺ መባባል ጀምረው ነበር።

በማግስቱ ልጄ ተመልሳ ጎማው ላይ ልውጣ አለች፤ የምትወጣው ግን ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው። ፓርኩ ከደጃቸው ሲሠራ፣ ሲከፈት፣ ሰው ሲጎርፍ ያዩት ሴት አጥሩን አልፈው አያውቁም ነበር። የዘመን መለወጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ከታች ሆኜ ሳያቸው፣ ልጄ የእሳቸውን እጅ ይዛ ወደ ሩቅ የምታሳያቸው ነበር የሚመስለው፤ ሲወርዱ ግን ያሳዩዋት የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ሰማሁ። ደብረ ሲና የሚወስደውን መንገድ፣ ባላቸው የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ዛፎች፣ ጠጉር የሚገዙበትን ገበያ ነግረዋታል። ልጄ ሁሉንም ተራ በተራ ነገረችኝ።

ልንመለስ ሻንጣችንን ስናዘጋጅ የእናቴ ፌስታል የለም።

«እማዬ፣ ዕቃሽ የታል?»

«እናንተ ሂዱ» አለችኝ። «እኔ ጥቂት ቀን እቆያለሁ። የጠጉር ማጠብ ሥራ አለባት፤ ብቻዋን አትችለውም።»

ሴትዮዋን አየኋቸው። «እኔ አልለመንኋትም» አሉኝ፤ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ አንድ ነገር ልሥራ ብላ ስትቆይ አይቼ አላውቅም። እሺ አልኋት። ደግሞስ ከየትኛው ሆቴል ነው እንዲህ ተብሎ የሚቀረው?

ከሳምንት በኋላ ደወልሁ። ስልኩን ያነሡት ሴትዮዋ ናቸው። ከኋላቸው ውኃ ሲንቧቧ፣ እናቴም የሆነ ነገር እያለች ስትስቅ ይሰማኛል።

«እናቴን ያገናኙኝ እትዬ» አልኋቸው።

«እጇ እርጥብ ነው» አሉኝ። «ኋላ ደውይ።»

ለጾም መግቢያ መጣች። ፊቷ በነፋስ ጠቁሯል፣ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። አራተኛ ፎቅ ድረስ ያለ እርዳታ ወጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ከፋሲካ በኋላ መቼ እንደምትመለስ ትነግረን ጀመር።