ለአርበኞቹ የተጣለው ሰንጋ

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ለአርበኞች ቀን የተተከለው ድንኳን ውስጥ ስገባ የቅቅሉ ሽታ የድሮውን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ድግስ ያሰናዳው አባቴ ነበር። ወንዛችን ዳር ጣሊያንን ገጥመው ማንም ያልጻፈላቸውን ሰዎች ለማሰብ ሰንጋ ተጣለ። በዚያ ውጊያ አንድ ዓይናቸውን ያጡት ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ንጹሕ ሽርጣቸውን አገልድመው መጡ። ቅቅሉን ይዤ ቀረብኳቸው።

«በልቼ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ። እውነት መስሎኝ ሳህኑን መለስኩት።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ቀስ ብለው፣ «በረሃ እያለን እንኳ ቢላዋችን ሁለት ነበር» አሉት። በሠርግም በተዝካርም ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ማሳረድ ረስቶ የማያውቀው አባቴ ያን ቀን ረስቶ ኖሮ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ቢላዋ የጠየቁ መስሎኝ ሮጬ አመጣሁላቸው።

ዘንድሮ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ልጄ ነው። ጭልፋ ይዞ ቅቅል ሲያወጣ አገኘሁትና፣ «ለሙስሊሞቹስ ለብቻ ታርዷል?» አልኩት።

«እነሱም ተዋግተዋል እንዴ፣ እማዬ?» አለኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። ስለ ጋሽ እንድሪስ አንድም ቀን አልነገርኩትማ!