ከታች ወደ ላይ

የድሮው የፈረንሳይ ገንዘብ ፍራንክ ይቀረጽባት በነበረችው በፔሳክ ከተማ፣ እሑድ እሑድ ገበያ የሚወጡ አንዲት አሮጊት አሉ። ስማቸውን አላውቅም። ሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸው ደረት ላይ ስም ተሰፍቶበት የነበረው ቦታ ክር ብቻ ቀርቶታል። ጆሯቸው እምብዛም ስለማይሰማ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ከእኔ የመጽሐፍ ጠረጴዛ ፖስትካርድ ሲያነሡ ጀርባውን ለማየት እንደ ሌላው ሰው ወደ ጎን አያዞሩትም፤ ከታች ወደ ላይ ይገለብጡታል። እርጅና ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ሳንቲም ሻጩ ሬዢስ ትንሹን አሥር ፍራንክ ለገበያተኛ ያሳይ ነበር፤ ያንን ከግማሽ ፍራንክ ጋር እየተምታታ ሰው ስላማረረበት ብዙም ሳይቆይ የተሰበሰበውን። በፊቱ ያለውን የሴት ምስል አሳየና ወደ ጎን አዞረው። በጀርባው ያለው አውራ ዶሮ በአናቱ ተተከለ።

"አያችሁ፣ ሲቀርጹት ተሳስተው ዶሮውን ዘቅዝቀውታል። እንዲህ ያለው እንደ ልብ አይገኝም።"

አሮጊቷ ሳንቲሙን ከእጁ ቀሙት።

"ማነው የተሳሳተው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ማዳም፣ የሳንቲም ፋብሪካው ሰዎች ናቸዋ።"

"አልተሳሳትንም" አሉ። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ይዘው ከታች ወደ ላይ ገለበጡት። ዶሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ፍራንክ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ሁሉም።"

ገበያተኛው ሳቀ። ሬዢስ ፊቱ ቀላ። "እሺ፣ ካልተሳሳታችሁ ለምን ተሰበሰበ ታዲያ?"

ሳንቲሙን መዳፉ ላይ መልሰው አስቀመጡለት።

"የተምታታው በእናንተ ዓይን ነው። ዶሮው እንደሆነ ቆሟል።"